የሐርቡው ኩራንዴሮ

የመጨረሻው ደህና ቀን እሑድ ነበር። ኮምቦልቻ፣ ቤታችን ውስጥ፣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአማርኛ የተተረጎመ የውጭ ፊልም እናያለን። ፊልሙ ውስጥ ቅጠል የሚቀምሙ ሽማግሌ አሉ። ሰው ሁሉ «ኩራንዴሮ» ይላቸዋል።

«ምን ማለት ነው? ተማሪው አንተ አይደለህ?» አለኝ።

ስልኬ ላይ ፈለግኩ። ስፓኒሽ ነው፤ የባህል ሐኪም ማለት። ማዳን ከሚለው ቃላቸው የወጣ ነው። እሱም ከላቲን የመጣ ሲሆን፣ ጥንት መንከባከብ፣ ለሰው መጨነቅ ማለት ነበር።

«እንግዲያው እማዬም ኩራንዴሮ ናት። ሚስት አላገባ አለ ብላ ስትጨነቅልኝ አይደል የምትውለው?» ብሎ ሳቀ።

ሲስቅ ዓይኑን አየሁት። ነጩ ቢጫ ሆኗል። የመጋረጃው ቀለም ያረፈበት መሰለኝ።

ማክሰኞ እናቴም አየችው። «የወፍ በሽታ ነው» አለች። እኛ ዘንድ የወፍ በሽታ የያዘው ሰው መርፌ ከተወጋ ይሞታል ይባላል። የጉበት በሽታ እንደሆነ ግን ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። ደሴ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም። «ደሴ ሐኪም ይየው» ያልኩት ግን አንዴ ብቻ ነው።

«መርፌ ሊወጉት? ወላሂ አይሆንም!» አሉ አባቴ።

ዝም አልኩ። ሐርቡ ወሰድነው።

የሐርቡ መድኃኒት አዋቂ ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን መጻፍ አለብኝ። እግሩን በእጃቸው አጠቡት። የወቀጡትን ቅጠል በማር አጠጡት፤ ሲያስመልሰው ግንባሩን ያዙለት። «አይዞህ የኔ ልጅ፣ አላህ ያሽርሃል» አሉት። የቃሉ ሥር መንከባከብ ከሆነ፣ እሳቸው ኩራንዴሮ ነበሩ። ማዳን ግን ሌላ ነው።

ስድስት ቀን ጠጣ። በሰባተኛው ቀን ጠዋት መቃዠት ጀመረ፤ እኔን አላወቀኝም። ያኔ ደሴ ወሰድነው። ሐኪሙ ዓይኑን ገልጦ አየና «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» አለ። ክንዱን ወግተው ግሉኮስ ሰቀሉለት። ቀትር ላይ ሞተ። በዚያው ቀን ቀበርነው።

በማግስቱ ጠዋት ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። አንድ ጎረቤታችን «መርፌው ነው የገደለው፤ በቅጠሉ እየዳነ ነበር» አሉ። ሽማግሌዎቹ «እውነት ነው» አሉ። ሁለት ልጃገረዶች ውሃ እያደሉ ያዳምጣሉ። አባቴ መሬት መሬት ያያሉ።

ተነሣሁ። በሽማግሌ ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም።

«መርፌው አይደለም» አልኩ። «እኛ… እኛ ነን ሐኪም ሳናሳየው ያቆየነው። እኔም እያወቅኩ ዝም ብያለሁ።»

«ቁጭ በል ልጄ» አሉ አባቴ፣ ቀስ ብለው።

አልተቀመጥኩም። ደግሜ ነገርኳቸው።