ቁጥር የሌለው የክር ጥቅል

በስፌት ቤቱ ጋዜጣ የሚገዛው ሊነበብ አይደለም፤ ልብስ ሊጠቀለልበት ነው። አሮጌው በኪሎ ይመጣል፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ይጠቀለልበታል፣ አለቀ። ካውያ የያዘችው ልብስ ተኳሿ ግን የሳይንሱን ገጽ ገንጥላ ሳታስቀር አንድም ጋዜጣ ለመጠቅለያ አሳልፋ ሰጥታ አታውቅም። ስለዚህ ስሟ ተረሳና «ሳይንቲስቷ» ሆና ቀረች።

ዜናው እሷ ዘንድ ሲደርስ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ዓመት አልፎታል። እሷ ምን ቸገራት! አዲስ ፕላኔት ተገኘ የሚል ካየች ካውያዋን አቁማ «ጉድ እኮ ነው! ይሄን ሁሉ ዘመን እዚያው ሲዞር ማንም አላየውም!» ትላለች። ሰፊዎቹ ይስቃሉ። በተለይ የእንቁላሉ ነገር አልተረሳላትም። አንድ ሰሞን እንቁላል ለልብ አይበጅም ብላ ሁሉንም አስተወቻቸው፤ በሚቀጥለው ጥቅል ደግሞ፣ የለም፣ ያን ያህል አይጎዳም የሚል መጣ።

«ታዲያ ያልበላነውን እንቁላል ማን ይተካልን?» አለች ቁልፍ ተካይዋ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሳይንቲስቷ አልተበገረችም። «መሳሳቱን የነገረኝ ማነው? ራሱ ሳይንሱ! እናንተ ተሳስተናል ስትሉ ግን እስካሁን አልሰማሁም» አለች። እውነቷን ነበር።

ጋሼ ብቻ ስቀውባት አያውቁም። አርባ ዓመት በአንድ የስፌት መኪና ላይ የተቀመጡ ሰፊ ናቸው፤ እሷንም ከጠራጊነት አንስተው ካውያ ያስያዟት እሳቸው ናቸው። እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ ሰሞኑን ጉድ የሆኑት። ለትምህርት ቤት የታዘዘውን ደማቅ አረንጓዴ ኮት ኪሱን ሁሉ በቡኒ ክር ሰፍተው አስረከቡ። ተፈትቶ እንደገና ተሰፋ። በሳምንቱ ደገሙት። መጠጥ ጀምረዋል የሚል ሹክሹክታ ተነሳ፤ የቤቱ ባለቤት እትዬም ትዕግሥታቸው አለቀ።

«እስከ ዓርብ ነው። በክብር እንሸኛቸዋለን» አሉ እትዬ።

ጋሼ አልተከራከሩም። ካውያው አጠገብ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መሄዱስ ይሁን ልጄ። ሰካራም ተብዬ ግን! ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» አሏት።

ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባ ሰው በመጠጥ ተበላሸ ማለት አልዋጥላት አለ። ገጾቿን የምታስቀምጥበትን የብስኩት ቆርቆሮ አውጥታ ስታገላብጥ አንዱ ላይ ዓይኗ ቀረ። አንዳንድ ሰው፣ ይበልጡን ወንድ፣ ሲወለድ ጀምሮ ቀይን፣ አረንጓዴንና ቡኒን ለመለየት ይቸገራል፤ ብዙዎች ሳያውቁት ይኖራሉ ይላል። ገጹን ይዛ እትዬ ዘንድ በረረች።

እትዬ አነበቡና ገጹን መለሱላት። «ከተወለዱ ጀምሮ ከሆነ አርባ ዓመት እንዴት ሳይሳሳቱ ሰፉ? ባለፈው ወር ነው እንዴ የተወለዱት?»

ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ሳይንቲስቷን ያናደዳትም እሱ ነው። በዚያ ንዴት የሦስት ሸሚዝ አንገት አሳረረች።

ሐሙስ ጠዋት የካውያዋ ገመድ ከሶኬቱ ወለቀ። ልትሰካው ስታጎነብስ ከጋሼ መኪና ሥር አቧራ የለበሰ አሮጌ የክር ጥቅል አየች። ጫፉ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ሃያ ሰባት የሚል ቁጥር አለ። ከጠረጴዛው አዲሶቹን ጥቅሎች አነሳች፤ ምንም ቁጥር የለባቸውም። ይህ አዲስ ክር ደግሞ መምጣት የጀመረው ባለፈው ወር ነው። ጮኸች። ቁልፍ ተካይዋ አይጥ ያየች መስሏት ወንበር ላይ ወጣች።

«ጋሼ፣ ክር ሲመርጡ ምኑን አይተው ነው?»

«ቁጥሩን ነዋ» አሉ ጋሼ ግራ ገብቷቸው። «ሃያ ሰባት አረንጓዴ፣ አርባ አንድ ቡኒ። አሁን ቁጥሩ ቀርቶ በግምት ሆነ። እኔ እኮ ሁላችሁም በቁጥር የምትሠሩ ይመስለኝ ነበር።»

መኪናዎቹ ሁሉ ቆሙ። ለሌላ ሰው ይህ ይበቃ ነበር፤ ለእሷ ግን አይበቃም፤ አንድ ሰው ስላለ ብቻ አይታመንም፣ ይፈተን፣ ይላል ገጿ። አረንጓዴ፣ ቡኒ፣ ሰማያዊና ቢጫ ጥቅሎችን አምስት አምስት አድርጋ ከረጢት ውስጥ ከተተች። ከረጢቱን ለእትዬ ሰጥታ «እርስዎ አንድ አንድ ያውጡላቸው፤ ቀለሙን እሳቸው ይንገሩን። እኔ ፊቴ እንዳይነግራቸው ወደ ግድግዳው እዞራለሁ» አለች። እንደ እንቁላሉ ቢሆንባትስ?

ጋሼ ከአረንጓዴና ከቡኒው ስድስቱን ሳቱ። ከሰማያዊና ከቢጫው አንድም አልሳቱም። ሳይንቲስቷ በየጥቅሉ የድሮውን ቁጥር ለጠፈችና ሁሉም እንደገና ተጀመረ። ሃያውንም አገኙ።

ቁልፍ ተካይዋ አሁንም አላመነችም። «ቀምሰው ቢሆንስ?»

«የጠጣ ሰው ቢሆን ሰማያዊና ቢጫውን ለምን ይምረዋል?» አለች ሳይንቲስቷ ከግድግዳው ዞራ። አንዷ ማጨብጨብ ስትጀምር ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ሳይንቲስቷም ደስታዋን የምታደርግበት ጠፍቷት ያልተሰካ ካውያ አነሳች።

«ተሳስቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ ጋሼ» አሉ እትዬ በሁሉ ፊት።

ጋሼ ግን ሌላ ሐሳብ ውስጥ ነበሩ። «ይሄ ነገር በዘር ይመጣል ነው የምትዪው?»

«በእናት በኩል ይላል ገጹ።»

«የእናቴ አባት» አሉ ጋሼ፣ «ቲማቲም ልቀም ሲባል ሁልጊዜ ያልበሰለውን ለቅሞ ይመጣ ነበር። ሴት አያቴ ሰነፍ እንዳለችው ሞተ። እኛም የልጅ ልጆቹ ሰነፍ ስንለው ኖርን።» ዓይናቸውን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉ። «የእኔን ብቻ አይደለም ልጄ፤ የእሱንም ስም ነው ያስመለስሽልኝ።»

ዓርብ ጠዋት፣ ጋሼ ሊሸኙ በነበረበት ቀን፣ እትዬ በብብታቸው አንድ ጋዜጣ ይዘው ገቡ። ካውያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ያልታጠፈ፣ ያልተቀደደ፣ ሙሉ ነበር።

«ምን ልጠቅልልበት?» አለች ሳይንቲስቷ።

«ቀኑን እዪው እንጂ!»

አየችው። የዛሬ ነው። የሳይንሱን ገጽ ገለጠች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዜናውን ከሌላው ሰው ጋር እኩል ልታነብ ነው። ጋሼ መኪናቸውን አቁመው «ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢልን» አሏት። ቆማ አነበበች፤ ካውያው ቀዘቀዘ፤ ማንም አልተቆጣትም።