የባቡር ድንጋይ ፍለጋ፦ ከፎገራ ሜዳ እስከ ጋሳይ መንገድ

ከባሕር ዳር የተነሳነው ማክሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሁለት ነን፤ እኔና ደሳለኝ። እኔ ቀያሽ ነኝ። ደሳለኝ ደግሞ የመለኪያውን በትር ይዞልኝ የሚቆም የሥራ ጓደኛዬ ነው። ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ ከእኔ በፊትም ለብዙ ቀያሾች በትር ይዟል። የቢሮው መኪና ነዳጅ ወረፋ ላይ ስለነበረ መንገዱ ክፍት መሆኑን በስልክ አጣርተን በሕዝብ ሚኒባስ ተሳፈርን። የቅየሳ መሣሪያውን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ረዳቱ የአንድ ሰው ቦታ ይዟል ብሎ ሊያስከፍለኝ ነበር፤ ተሳፋሪው "ታቅፋዋለች እኮ፣ ምን አደረገችህ!" ብሎ ስለጮኸበት ተወኝ።

የሄድንበት ጉዳይ ይህ ነው። ከዓመታት በፊት ከወልድያ በኩል መጥቶ፣ በደብረ ታቦር አልፎ ወደ ወረታ የሚወርድ የባቡር መስመር ተጠንቶ ነበር። ጥናቱ ሲቆም በየማሳው የተተከሉት የሲሚንቶ ምልክቶች እዚያው ቀሩ። የአገሩ ሰው "የባቡር ድንጋይ" ይላቸዋል። አሁን ጥናቱ እንደገና ተከፍቷል። ያኔ የታሰበው አጭር ባቡር ነበር፤ አሁን ብዙ ፉርጎ የሚጎትት ረጅም ባቡር ስለተፈለገ ዳገቱ መለዘብ፣ ኩርባውም መስፋት አለበት። አዲሱ ንድፍ የሚነሳው ከአሮጌዎቹ ድንጋዮች ስለሆነ፣ በቦታቸው መኖራቸውን ማረጋገጥ የእኛ ድርሻ ሆነ። አሥራ አንድ ድንጋይ፣ ሦስት ቀን።

ሐሙሲት ስንደርስ ወደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ የሚሄዱ ሦስት ሴቶች ወረዱ። አንደኛዋ ጉልበቷን ይዛ በጎን በኩል ነበር የወረደችው። ከዚያ በኋላ መኪናው ሰፋልንና እግራችንን ዘረጋን።

ፎገራ ሜዳ

ወረታ ላይ ፉል በዳቦ በልተን ባጃጅ ተከራየን። ሜዳው ሩዝ ነው፤ ውሃው ገና አልደረቀም። ጫማችንን አውልቀን በድንበሩ ላይ እየሄድን የመጀመሪያዎቹን አራት ድንጋዮች እስከ እኩለ ቀን ጨረስን። ሁሉም ከነቁጥራቸው በቦታቸው ነበሩ።

አምስተኛው በቦታው የለም። ጉድጓዱ እንኳ ጠፍቷል። ስንፈልግ ስንፈልግ ቦይ ዳር አንዲት ሴት ልብስ ስታጥብ አገኘናት። ልብሱን የምታሸው በእኛ ድንጋይ ላይ ነው።

"እመቤት፣ ይህ ድንጋይ የማን ነው?" አላት ደሳለኝ።

"የባቡሩ ነዋ። ጎርፍ ነቅሎ አመጣልን። ባቡሩ እስኪመጣ እንጠብበት ብለን ነው።" ቀና ብላ አየችን። "ልትወስዱት ነው?"

ከቦታው ከተነቀለ ለእኛ ምንም አይጠቅምም። መዝገቤ ላይ "በጎርፍ የተነቀለ" ብዬ ጻፍኩና ተውንላት። አመስግና ወደ ልብሷ ተመለሰች።

ዳገቱ ላይ

ከወረታ በሌላ ሚኒባስ ተሳፍረን አለምበርን ካለፍን በኋላ አስፋልቱ ለጥገና ተቆፍሮ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ከሁለቱም ወገን መኪና ተሰልፏል። ሁለት ሰዓት ከሩብ ቆምን። ከጉና በኩል ድንች ጭኖ የመጣ የአይሱዙ ሹፌር ከእኛ ትይዩ ቆሞ ሸራውን እየገለጠ ድንቹን ያናፍሳል። ትናንት ከሰዓት እንደጫነና ዛሬ ጠዋት ባሕር ዳር መድረስ እንደነበረበት ነገረን። የባቡር ሥራ ላይ መሆናችንን ሲሰማ ጠጋ አለ።

"የኔ መኪና ሃምሳ ኩንታል ትጭናለች። ባቡር ስንት ይጭናል?"

"እንደ ፉርጎው ብዛት ነው" አልኩት። "አንዱ ፉርጎ ብቻ የአንተን አሥር እጥፍ ይበልጣል።"

"አንዱ ብቻ?" ወደ መኪናው ዞሮ አየ። "እና እኔ ምን ልበላ ነው?" ትንሽ አሰበና ሳቀ። "ግድ የለም፣ ይምጣ። እኔ ከጣቢያው እስከ ገበያው አመላልሳለሁ። እንዲህ ቆሞ ከመበስበስ ይሻላል።"

መንገዱ ሲከፈት እሱ ቁልቁል፣ እኛ ሽቅብ ሄድን። ደብረ ታቦር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስንገባ ብርዱ ጃኬት አስለበሰን። ከመነኻሪያው ብዙ የማይርቅ ሆቴል አልጋ ያዝን። ሙቅ ውሃ አለ ብለውን ነበር፤ የለም።

ረቡዕ

ጠዋት ከመሬት ቢሮው ደብዳቤ ተቀብለን ስንወጣ አንዲት ሴት በር ላይ ጠበቀችን። ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆናታል፤ ጥቁር ሂጃብ ለብሳ የወረቀት ማኅደር ይዛለች።

"የባቡሯ ሴትዮ አንቺ ነሽ?" አለችኝ።

ስሟ ዘይነብ ነው። ጅዳ ሰው ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርታ ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ። ባጠራቀመችው ወፍጮ ገዝታለች። ከአባቷ በወረሰችው፣ በጋሳይ መንገድ ባለው መሬት ላይ ወፍጮ ቤት ልትሠራ ፈቃድ ስትጠይቅ "መሬትሽ ላይ የባቡር ድንጋይ አለ፣ መሥራት አይቻልም" ተባለች።

"ወፍጮው ላስቲክ ለብሶ ወንድሜ ጓዳ ተቀምጧል" አለችኝ። "የሰፈሩ ሴት ለማስፈጨት እዚህ ከተማ ድረስ ተሸክማ ትመጣለች። እኔ ያንን ሁሉ ዓመት የሰው ወለል የወለወልኩት ላስቲክ እያየሁ ለመቀመጥ ነው? ባቡሩ የሚያልፍብኝ ከሆነ ቁርጤን ንገሪኝና ልሽጠው።"

የምንሄደውም ወደዚያው ስለነበር አብራን መጣች። ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ድንጋይ በመንገዳችን ላይ በቦታቸው አገኘናቸው።

ስምንተኛው ድንጋይ እሷ እንዳለችው መሬቷ መሃል ቆሟል። ቁጥሩም ትክክል ነው። ከትንሿ ጅረት ማዶ የቆርቆሮ ቤት አለ፤ አጠገቡ ሌላ አዲስ ቤት ተሠርቷል። ባለቤቱ አቶ ዋሴ የሚባሉ ሰባ የሚጠጋቸው ገበሬ ናቸው። ገና ከሩቅ አይተውን ጅረቱን ተሻግረው መጡ። ሰላምታ ሰጡን፣ ስለ ባሕር ዳር ጤና ጠየቁን፣ ምሳ እሳቸው ቤት መሆኑንም ነገሩን።

መሣሪያውን ድንጋዩ ላይ አቁሜ ለካሁ። በመዝገቡ ካለው ቦታ ሃምሳ ስምንት ሜትር ራቀ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብዬ መሣሪያውን አንስቼ እንደገና አቆምኩ። ያው ነው። ሦስተኛም ለካሁ፤ ያው።

ደሳለኝ በትሩን ጥሎልኝ ጅረቱን ተሻገረ። ከአቶ ዋሴ አጥር አጠገብ ካለ ትልቅ ባሕር ዛፍ ሥር ቆሞ በእግሩ አፈሩን ጫር ጫር አደረገ። ከዚያ ተመልሶ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እኔ ነኝ የተከልኩት" አለኝ። "ያኔ በትር ያዥ ሆኜ መጥቼ ነበር። እዚህ አይደለም፤ ከባሕር ዛፉ ሥር ነው። ዛፉ ቀጭን ነበር፣ እሱን ተደግፌ ውሃ እንደጠጣሁ ትዝ ይለኛል።"

ዘይነብ ሰምታለች። አቶ ዋሴም ሰምተዋል። "ምሳው ይበርዳል፣ ኑ ግቡ" አሉ።

ምሳ

ቀኑ ጾም ነው፤ ቅቅል ድንች ከአዋዜ ጋር ቀረበልን። የአቶ ዋሴ ባለቤት ወይዘሮ አለሚቱ ለእያንዳንዳችን እየላጡ ያቀርባሉ። ዘይነብ አንድ ድንች ይዛ አልበላችውም። እኔ እንዴት ብዬ እንደምጠይቅ እያሰብኩ ነበር፤ አዛውንት ሰው በቤታቸው፣ በማዕዳቸው ላይ እንዴት ይጠየቃል?

ወይዘሮ አለሚቱ ድንገት ቢላዋውን አስቀመጡ። "ተናገር እንጂ ሰውዬ! እስከ መቼ?"

አቶ ዋሴ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መሬት እያዩ ተናገሩ። ድንጋዩ አጥራቸው ሥር ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ልጃቸውን ሊድሩ አዲሱን ቤት ሲጀምሩ እንደማይቻል ተነገራቸው። ድግሱ ተጠርቷል፣ ምሰሶው ቆሟል። አንድ እሁድ፣ ሰው ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ በሬ ጠምደው ድንጋዩን ጎተቱና ከጅረቱ ማዶ ተከሉት።

"እሁድ!" አሉ ወይዘሮ አለሚቱ። "እሁድ በሬ ጠመደ። ከዚያ ወዲህ ቄስ ባየ ቁጥር መንገድ ይለውጣል።"

"መሬቱ ባዶ ነበር" አሉ አቶ ዋሴ። "ልጅቷ ዐረብ አገር ናት፤ የሄደ ሰው ይመለሳል ብዬ አላሰብኩም።"

ዘይነብ ድንቹን ሳህኑ ላይ መለሰችው።

"አያ ዋሴ፣ ስመለስ እንኳን በሰላም መጣሽ ብለው ያቀፉኝ አንቱ ነዎት። ፈቃድ ተከልክዬ ስመጣም 'አይዞሽ፣ መንግሥት ያመጣው ነው' አሉኝ። እያወቁ!" ተነሳችና ወጣች።

አቶ ዋሴ ቀና ብለው አዩኝ። "እንግዲህ የልጄ ቤት ይፈርሳል?"

"አሁን አይፈርስም። መስመሩ ገና አልተወሰነም፤ በአዲሱ ንድፍ ሊለወጥም ይችላል። ግን እስኪወሰን ድረስ መጨመር አይቻልም።"

"ባቡሩ መቼ ነው የሚመጣ?"

"አላውቅም።"

"አንቺም አታውቂም?"

"እኔም አላውቅም፣ አባቴ።"

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። በሥራዬ ብዙ ሰው ተቆጥቶኛል፤ እንደዚያ ቀን ግን አፍሬ አላውቅም። ጎረቤትን ከጎረቤት የለየው ድንጋይ ከእኛ ቢሮ የወጣ ነው። ተክለነው ሄድን፤ ከዚያ ወዲህ ተመልሶ ያየው አልነበረም።

ሐሙስ

ድንጋዩን ወደ ቦታው ልንመልስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስንደርስ አቶ ዋሴ ሁለቱን በሬዎች ጠምደው ጅረቱ ዳር ቆመዋል። ዘይነብም ከመሬቷ ጫፍ ላይ ቆማለች። ሽማግሌው እሷን ሲያዩ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው መናገር ጀመሩ።

"እሱን ኋላ፣ አያ ዋሴ" አለቻቸው። "መጀመሪያ ድንጋዩን።"

ደሳለኝ ዙሪያውን ቆፍሮ አላቀቀው፤ በገመድ አስረን በሬዎቹ ጎተቱት። እስከ ጅረቱ ደህና ሄደ። ውሃው ውስጥ ሲገባ ጭቃው ያዘውና አልንቀሳቀስ አለ። አቶ ዋሴ በሬዎቹን ይጮሁባቸዋል፤ እኔና ደሳለኝ እንገፋለን። አሁንም አልወጣ አለ። ያን ጊዜ ዘይነብ ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ገባችና ትከሻዋን ከትከሻዬ ጋር ገጥማ ገፋች። ወጣ። ሁላችንም እስከ ጉልበታችን ጭቃ ሆንን፤ ማንም ግን አልሳቀም።

ባሕር ዛፉ ሥር ቆፍረን፣ ለክቼ፣ ተከልነው። የአሮጌው ጉድጓድ ልል ጥቁር አፈር ከሥሩ ወጣ። ደሳለኝ ትክክለኛው ቦታ መሆኑን ሲያይ ዛፉን በእጁ መታ መታ አደረገው። ያየሁትን ሁሉ በደብዳቤ ጽፌ ፈረምኩና አንዱን ቅጂ ለዘይነብ ሰጠሁ። አቶ ዋሴ ምስክር ሆነው በጣታቸው ፈረሙ። ዘይነብ ወረቀቱን ማኅደሯ ውስጥ ከትታ፣ ባጃጅም ሳትጠብቅ በእግሯ ወደ ከተማ ሄደች።

የቀሩትን ሦስት ድንጋዮች እስከ አሥር ሰዓት ጨረስን። ሁሉም በቦታቸው ናቸው።

ወደ ቤት

ዓርብ ጠዋት ከደብረ ታቦር ተነሳን። ጥገናው ቀጥሏል፤ የቆምነው ግን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ደሳለኝ እስከ ሐሙሲት ተኛ። እኔ መዝገቡን ገልጬ ስምንት ቁጥርን አየሁት፤ ሁለት ረድፍ አኃዝ ነው። እስከዚያ ሳምንት ድረስ ድንጋይ ማለት ለእኔ ያ ብቻ ነበር። ባሕር ዳር ለምሳ ደረስኩ። ልጆቼ ጭቃ የበላውን ሱሪዬን አይተው ወንዝ ገብተሽ ነበር ወይ አሉኝ።

ሪፖርቱን ስጽፍ ቅጹ ላይ የሌለ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፦ በድንጋዩ ዙሪያ የሚኖረው ማን ነው፣ ድንጋዩስ ምን ከለከለው። መስመሩ እስኪወሰን ሰው እንዳይታገድ፣ ቢያንስ የጊዜ ገደብ እንዲነገረው ሐሳብ አቀረብኩ። ኃላፊዬ "ይህ የቀያሽ ሥራ አይደለም" አለኝ፤ እኔ ግን ዓምዱን አላወጣሁትም። መልስ ገና አልመጣም። የአቶ ዋሴ ልጅ ማድ ቤት ሊጨምር አስቦ እንደተከለከለ ሰምቻለሁ። አንዱን ሰው ነፃ ያወጣ ልኬት ሌላውን አሰረ፤ እውነቱ ይህ ስለሆነ እጽፈዋለሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ዘይነብ ደወለችልኝ። ከጀርባዋ ሞተር ስለሚያጓራ እየጮኸች ነበር የምታወራው። ወፍጮው ተተክሏል።

"ዛሬ ማን እንደመጣ ታውቂያለሽ? አያ ዋሴ! ገብስ በአህያ ጭነው፣ ራሳቸው።"

"ምን አሉሽ?"

"ምንም። ሴቶቹ ይቅደሙ ቢሏቸው እንቢ ብለው ተራቸውን ጠበቁ። ስጨርስላቸው ዱቄቱን በጣታቸው ፈተሹና 'ደቋል' አሉኝ።"

"ታረቃችሁ ማለት ነው?"

"እንጃ" አለች። "ለቅዳሜ ስንዴ አመጣለሁ ብለውኛል።"