ብርድ ልብስ የለበሰው ብልቃጥ

ይህ ታሪክ ሊጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ አመንትቻለሁ፤ የሞተ ሰው የለበትምና፣ ይህ ደግሞ ምኑ ይወራል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት የዶርም ጓደኛዬ የጥፍር ቀለሟን ስታስለቅቅ ያ ሽታ ክፍሉን ሞላው፣ እኔም ደብተሬን ዘግቼ በሐሳብ ደብረ ብርሃን፣ ከአባዬ አልጋ አጠገብ ተመልሼ ቆምኩ።

አባዬ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። የስኳር ሕመም ስላለበት ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋ ነበር። ቆላ ያለ ሰው ይህን መድኃኒት ከሙቀት ይጠብቀዋል፤ እኛ ግን፣ በረዶ ከሠራ ስለሚበላሽ፣ የምንፈራው ውርጩን ነበርና፣ እማዬ ብልቃጡን አባዬ ከፋብሪካ ባመጣው ቁራጭ ብርድ ልብስ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ ታስቀምጠው ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ልገባ ስል፣ በክረምቱ፣ አንድ የአስተሳሰብ አሰልጣኝ ወደ ከተማችን መጣ። ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለው ነበር፣ የምን ዶክተር እንደሆነ ግን የጠየቀ አልነበረም። አባዬ ከስልጠናው ፊቱ በርቶ ተመለሰና፣ ሕመም የሚኖረው ስሙን ስለምንጠራው እንደሆነ፣ ውሃም የነገሩትን እንደሚሰማ አስረዳን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የበሽታው ስም በቤታችን ተከለከለ።

ጥቅምት ሲገባ አባዬ በየማለዳው በረንዳ ላይ ቆሞ፣ ብርጭቆ ውሃ በሁለት እጁ ይዞ፣ «ጤነኛ ነኝ» እያለ ይደጋግምለትና ይጠጣው ነበር። በኅዳር አንድ ጠዋት፣ ውጭ ያሳደረው ውሃ በረዶ ሆኖ ሲያገኘው እማዬ፣ «የምትለውን ሰምቶ ደንግጦ ነው የደረቀው» አለችው። ሳቀ፤ ውሃውን ማናገር ግን አልተወም፣ መርፌውንም እንዲሁ።

ለጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እማዬ ገበያ ሄዳ ሳለ አባዬ ጠራኝ። መድኃኒቱ እቤት ውስጥ እስካለ ድረስ ሰውነት አይድንም ብሎታል ዶክተሩ፤ ስለዚህ ብልቃጡን ከጨርቁ አውጥቼ ውጭ መስኮቱ ላይ እንዳስቀምጠው አዘዘኝ። እኔ የታዘዝኩትን የምሠራ፣ «ጎበዝ» መባል የምወድ ልጅ ነበርኩ፤ አስቀመጥኩት፣ ባዶውንም ጨርቅ እንደነበረ ጠቅልዬ መለስኩት። በማግስቱ መድኃኒቱ በረዶ ሆኖ አገኘሁት፣ ለማንም ግን አልተናገርኩም። የጥምቀት ዕለት አባዬ ብርድ መታኝ ብሎ ተኝቶ ዋለ።

በቃና ዘገሊላ ጠዋት መነሳት አቃተው። ውሃ ጠጥቶ አይረካም፣ ትንፋሹም ልክ እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸት ነበር። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ለዶክተሩ ደወለ፤ ዶክተሩም መርዙ እየወጣለት መሆኑን ነግሮ እንዲጠነክር መከረው። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር። ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ስልኩን ከአባዬ እጅ ወሰድኩት።

«ጋሼ፣ አባቴ ስኳር አለበት። ኢንሱሊኑን በእርስዎ ቃል ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እውነትዎን ከሆነ አሁን ይምጡና አጠገቡ ይቀመጡ።»

«ይቺን ልጅ ከአጠገብህ አርቃት፣ ጉልበትህን ትጨርሰዋለች» አለው ለአባዬ፤ ስልኩም ተዘጋ።

እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣችና ባጃጅ ይዛ መጣች። አባዬ ሆስፒታል አንድ ሳምንት ተኝቶ ተረፈ።

ዛሬ አባዬ እንግዳ ፊት ሸሚዙን ገልጦ ይወጋል፣ ያም ቁራጭ ብርድ ልብስ ሳስቶም ቢሆን ብልቃጡን ይጠቀልላል። እኔም ጎበዝ መባል አሁንም እወዳለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ግቢያችን እንዲህ ያለ አሰልጣኝ ሲመጣ ግን ከፊት ተቀምጬ እጄን አወጣና፣ መድኃኒታቸውን አቁመው ያልዳኑት ሰዎች የት እንዳሉ እጠይቃለሁ። አርፈሽ ተቀመጪ የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን አርፌ የተቀመጥኩት ያኔ ነው፣ ሦስት ቀን ሙሉ፤ እሱም ያበቃው ጥር 12 ቀን፣ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው።