ቃል ያለቀብኝ ኮረብታ

ወደ ፊት እንድንጠጋ ትእዛዝ የደረሰን ማለዳ ነበር። ሰሜን ግንባር ከገባን ገና ብዙ አልቆየንም። ከሚዛን፣ ከቴፒና ከማሻ የሄድን ልጆች አንድ ጓድ ውስጥ ነበርን። ወደ ፊት ተጠግተን የያዝነው ኮረብታ ላይ አንድ ዛፍ የለም። እኛ የጫካ አገር ልጆች ነን፤ ጥላ በሌለው መሬት ላይ ራቁታችንን የተቀመጥን ያህል ተሰማን።

ምሽግ ውስጥ ከጎኔ የነበረው በቀለ የቴፒ ልጅ ነው፤ አባቱ የቡና እርሻ ሠራተኛ ነበሩ። እሱ ኦርቶዶክስ፣ እኔ የሚዛን ጴንጤ። የቤተሰቡ የንስሐ አባት የጻፉለትን አንድ ገጽ ጸሎት በላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ይይዛል፤ ጠዋት ጠዋት ያነበዋል። እኛ ቤት ደግሞ ጸሎት ከልብ ይፈልቃል እንጂ ከወረቀት አይነበብም። እናም አሾፍበት ነበር፤ እግዚአብሔር ያንኑ ቃል በየቀኑ መስማት አይሰለቸውም ወይ እለዋለሁ። አይቆጣም። «ግድ የለም፣ ቃል ያለቀብህ ቀን ትበደረኛለህ» ይለኛል እየሳቀ።

የዚያኑ ዕለት ከቀትር በኋላ መድፍ ይዘንብብን ጀመር።

እናንተ ልጆች ይህን ስሙ። በእኛ አገር ትልቅ ዛፍ ሲቆረጥ፣ ከመውደቁ በፊት ሲሰነጠቅ ይሰማል። ያን ጊዜ ቀና ብለህ ወዴት እንደሚያዘነብል ታያለህ፤ ከዚያ ትሸሻለህ። ከልጅነታችን የለመድነው ነው። ግንባር ላይ ግን ድምፅ ስትሰማ መሬት መያዝ ነው። አሠልጣኞቻችን በዚህ ነገር ስንት ጊዜ ተቆጥተውናል! የመጀመሪያው የመድፍ ጥይት ሲሰነጠቅ ሌሎቻችን ተኛን። በቀለ ግን ቀና አለ። ወዴት እንደሚወድቅ ሊያይ።

ቴፒ ጫካ ውስጥ ሰው የሚያድን ልማድ እዚያ ገደለው። ስንት ዓመት አለፈ፤ ዛሬም ሳስበው ክው እላለሁ።

ፍንጣሪው ሆዱን ነው የመታው። ተኩሱ መንገዱን ስለዘጋው ቃሬዛ መምጣት አልቻለም። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አስደገፍኩት። «ጸልይልኝ» አለኝ። አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። ጉባኤ መካከል ቆሜ ስጸልይ ሰዓት የማላውቅ ሰው፣ የጌታን ስም መጥራት አቃተኝ። በቀለ ዓይኔን አየና በጣቱ ደረት ኪሱን ነካ።

«ተበደር» አለኝ።

ላስቲኩን ፈታሁ። አነበብኩለት፦ «ጌታ ሆይ፣ ፍርሃቴን ከእኔ በፊት አንተ አውቀኸዋል። ዛሬ የት እንደማድር አላውቅም። የትም ብሆን ብቻዬን አታሳድረኝ።» ስጨርስ ድገመው አለኝ። ደገምኩት። ስንተኛው ላይ እንዳረፈ አላውቅም። ካረፈም በኋላ ማንበቤን አላቆምኩም፤ ያኔ ለራሴ ነበር። ትንፋሼ የተመለሰልኝ፣ ይህም ቀን ያልፋል ብዬ ያመንኩት በዚያች ገጽ ነው። ጭንቅላቱን እንዲሁ ጭኔ ላይ እንደያዝኩት ነጋ።

ጠዋት ቆጠርን። ከእኛ ጓድ አራት ሰው አጥተናል፤ ሦስቱ የሚዛን ልጆች፣ አንዱ በቀለ። ነፍሳቸውን ይማር።

ስመለስ ቴፒ እናቱ ዘንድ ሄድኩ። ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው፤ አልተቀበሉኝም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሬሳው እስኪነሳ ከልጃቸው ጋር ያደረ ሰው ነበር ወይ አሉኝ። እኔ እንዳደርኩ ነገርኳቸው። ጣቶቼን ወረቀቱ ላይ አጠፉልኝ።

«እንግዲያማ ጸሎቱ ተሰምቷል» አሉኝ። «ወረቀቱን አንተ ያዘው።»

ዛሬም ከልቤ እጸልያለሁ። ቃል የሚያልቅብኝ ቀን ግን አለ፤ ወረቀቱ ደረት ኪሴ ውስጥ ነው።