ለወንድሜ የቀቀልኩት ጎመን

ታላቅ ወንድሜ የአንጀት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሞጣ ወደሚገኘው ቤታቸው ሲመለሱ የሚያስታምማቸው ጠፍቶ እኔ ከቢቸና ሄድኩ። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅም የላቸውም። አባታችን ካረፉ በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸውና እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። ለሁለት ሳምንት ብዬ የሄድኩት አራት ወር ሆነ።

ለክትትል ሐኪም ቤት ይዣቸው ስሄድ ሐኪሙ፣ “ሆድዎ እየለመደ ሲሄድ አትክልት ያዘውትሩ፣ ቀይ ሥጋ ይቀንሱ። ሻይም ይረዳል የሚሉ አሉ፤ እርግጡ ግን ገና አልታወቀም” አላቸው። ወደ እኔም ዞሮ፣ “እርስዎም እኅታቸው ስለሆኑ ይመርመሩ” አለኝ። እኔ ይዤ የወጣሁት አትክልቱንና ሻዩን ብቻ ነው።

በየቀኑ ጎመን እቀነጥሳለሁ፣ ካሮት እልጣለሁ፣ ቀይ ሥር እቀቅላለሁ። ጣቶቼ ቀልተው ቀሩ። ከሱቅ ያገኘሁትን አረንጓዴ ሻይ ሳፈላላቸው፣ “ድርቆሽ ድርቆሽ ይላል” ብለው ግማሹን ይተውታል። የተረፈውን ጓዳ ገብቼ እጠጣዋለሁ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ሳህኑን ገፋ አደረጉና፣ “ጾሙ ሳይገባ አስጾምሽኝ” አሉ።

“ይብሉ እንጂ ጋሼ፣ ለእርስዎው ነው።”

“ዓመት ሙሉ ሽንት ቤት ስቀመጥ ደም እያየሁ ኪንታሮት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ያኔ ብናገር ነበር የሚሻለኝ። አሁን ጎመን ምን ያድርግልኝ?”

ጭልፋውን እንደያዝኩ ቆምኩ። እኔም ሞጣ ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ ደም አይ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። አፍሬም ነው፣ ደክሞኝም ነው።

“ጋሼ፣ እኔም አያለሁ” አልኳቸው።

እጃቸውን ጠራረጉ። ከዚያ፣ “ነገ ባሕር ዳር ትሄጃለሽ” አሉኝ።

“እርስዎንስ ማን ያያል?”

“ጎረቤት አለ። ሂጂ አልኩሽ።”

ሄድኩ። በመሣሪያ ሲያዩኝ አንጀቴ ውስጥ ትንሽ እባጭ ተገኘ፤ እዚያው ቆርጠው አወጡት። ውጤቱ ሲመጣ ካንሰር አልነበረም፤ ቢቆይ ግን ወደዚያ ሊለወጥ ይችል ነበር አሉኝ። ሐኪሟን ስለ አትክልቱና ስለ ሻዩ ጠየቅኳት። “አትክልቱን አያቋርጡ፣ ይጠቅማል። ሻዩንም ከወደዱት ይጠጡ። ምርመራን ግን አይተኩም” አለችኝ።

ሞጣ ስመለስ ወንድሜ ከበር ላይ ሆነው ይጠብቁኝ ነበር። ነገርኳቸው። ቦርሳዬን ተቀበሉኝና አልጋቸውን ለቀቁልኝ። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ጋደም አልኩ።