የፈይዛ ድምፅ በአዲሱ አምፕሊፋየር

አየር ጤና ላይ የስልክ ቻርጀር ልገዛ የገባሁበት ሱቅ በር ላይ አንድ ትልቅ ስፒከር መንገዱን ያናውጥ ነበር። ባለሱቋ ሲሃም ድንገት ተነስታ አጠፋችው። ገበያ የሚጠራላት እሱ ነው፤ ግን ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ አንድ አምፕሊፋየር በካሴት ሲሞክሩ፣ ለመስማት ጆሯቸውን አስጠግተው ሲቸገሩ አይታለች።

«ምነው ሲሃም፣ ሱቁ ለቅሶ ቤት ሆነ?» አላት አንድ ደንበኛ።

«አንተ ዝም በል፤ አባባ እየመረጡ ነው።»

በልቤ መረቅኳት። ሽማግሌው ጎረቤቴ ጋሽ ሽኩር ነበሩ፤ እኔን ግን አላዩኝም።

ጋሽ ሽኩር በጉልምስናቸው ዘመን ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ ለሠርግና ለመውሊድ ማይክ ያከራዩ ነበር። ከዚያ ሥራ የተረፋቸው አንድ ባለ አምፖል አምፕሊፋየር ነው፤ የብርጭቆ አምፖሎቹ ቀስ ብለው እስኪግሉ ድምፅ አይሰጥም። ባለፈው ወር አምፖሎቹ ተቃጠሉ። መርካቶን ቢያስሱ ምትክ ጠፋ። ልጃቸው ኢብራር ከዓለም ባንክ ሰፈር ደውሎ፣ «አባዬ፣ ካሴቱን ስልክ ላይ ልጫንልህና ተገላገል» አላቸው።

«ከምን ልገላገል?» ብለው ዘጉበት።

ካሴቱ ላይ ያለችው ባለቤታቸው ፈይዛ ናት፤ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗል። አንድ የመውሊድ ዋዜማ ከሴቶቹ ጋር መንዙማ ስትል ራሳቸው ቀድተዋታል። ሌላ ድምፅ አልተወችላቸውም።

«ይሄ ትራንዚስተር ነው፤ አምፖል የለው፣ ቶሎ አይቃጠል» አለቻቸው ሲሃም። «ግን በሱቅ ስፒከር አይፍረዱ። ቤት ወስደው በራስዎ ይሞክሩት፤ እስከ ሰኞ።»

እንደ ደንቡ መታወቂያ ሊያስይዙ ኪሳቸውን ዳበሱ።

«ኧረ አባባ! የት ይጠፋሉ ብዬ?»

ቤት ገብተው ገመዶቹን አገናኙ። ባዶ ቤት ውስጥ የሰው ልጅ ሥርዓት ያበጃል፤ የእሳቸው ይህ ነበር፦ ካሴቱን ከመጀመሪያው አስነስተው ማብሪያውን ይጫኑና ውዱእ ሊያደርጉ ወደ ግቢው ቧንቧ ይወጣሉ። አምፖሎቹ እስኪሞቁ የካሴቱ መነሻ ያለ ድምፅ ያልፋል። እሳቸው እግራቸውን ታጥበው ሲመለሱ ፈይዛ ዜማዋ መሃል ትጠብቃቸዋለች። ያን ቀንም እጃቸው የለመደውን አደረገ።

ገና አንድ እጃቸውን ሳያርሱ፣ ከቤት ውስጥ፣

«የኢብራር አባት፣ እየቀዳ ነው?» አለች አንዲት ሴት።

«አዎ! እየቀዳ ነው!» ብለው ጮኹ።

ቧንቧው ይወርዳል። ውስጥ ሴቶቹ ድቤ መምታት ጀመሩ። ጋሽ ሽኩር እጅጌያቸውን እንደሰበሰቡ ቆመው ቀሩ፤ ለማን እንደመለሱ የገባቸው ያኔ ነው። አዲሱ መሞቅ አያስፈልገውም፤ ሁልጊዜ ያለ ድምፅ ያልፍ የነበረውን የካሴቱን መነሻ አሰምቷቸዋል። ለዚያ ጥያቄ በካሴቱ ላይ መልስ አልሰጡም ነበር፤ ምናልባት አንገታቸውን ብቻ ነቅንቀው ይሆናል።

ከዚያ የመጣባቸው ጥርጣሬ ነው። ባለ አምፖሉ ላይ የሚያውቋት ፈይዛ ድምፅዋ ወፍራም፣ እርጋታ የሞላው ነበር። ይህቺኛዋ ቀጭን ናት፣ ችኩል። ከጎረቤት ሴቶች አንዷም ልትሆን ትችላለች። ወይ ደግሞ እውነተኛዋ ፈይዛ ይህቺ ኖራ፣ አራት ዓመት ሙሉ ያዳመጡት አምፖሎቹን ነው። ካሴቱን መልሰው ለመስማት ደፍረው አልተነሱም። ሰኞ ደግሞ ለሲሃም አንድ ነገር መንገር አለባቸው።

እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ በሬ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሁሉንም እዚያው ነገሩኝ።

«ግቡ እንጂ ጋሽ ሽኩር።»

«አልገባም፤ አንቺ ነሽ የምትመጪው» አሉ። «እኔ ጆሮዬም ደክሟል፣ ልቤም ያዳላል። አንቺ ሃያ ዓመት በግድግዳ ሰምተሻታል፤ ስታስቅሽም፣ ስትቆጣሽም። ነይና ስሚልኝ፣ የሺእመቤት። እሷ ከሆነች እሷ ናት በይኝ። ካልሆነችም እንዳታባብዪኝ።»