አቡጀዲው ላይ መንገድ የሚያቋርጠው ልጅ

ሰው መግደል የጀመርኩት ወረታ፣ እህል መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። አትደንግጡ፣ በፊልም ነው። በደርግ ጊዜ ለገበሬ ማኅበራቱ ትራክተርና ጭነት መኪና እንድንነዳ ከተመረጥነው ወጣቶች አንዱ ነበርኩ። በፊልም ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ ከእንቅልፌ ያባንነኛል።

ሥልጠናው የተጀመረው በክረምት ነው። ክረምት ደግሞ ፎገራ ሜዳ መሆኑ ይቀርና ባሕር ይሆናል። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ማሳውን ሲያጥለቀልቁት ትራክተር ቀርቶ በሬም ከጭቃው አይወጣ። ነዳጁም በቁጠባ ነው የሚሰጠን። ከአዲስ አበባ የመጣው አሰልጣኛችን ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ነበር፤ ለዚህም መላ ይዞ መጣ። ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ወንበር ሳንቃ ላይ አስመታ፤ ከፊቱ መሪ፣ ከሥሩ ፍሬንና ነዳጅ መስጫ ተከለ። መስኮቱን በጆንያ ጋርዶ ግድግዳው ላይ አቡጀዲ ወጠረ። ጄኔሬተሩ ሲነሣ የፊልም ማሳያው ይበራና ከመኪና ውስጥ ሆኖ የተቀረጸ መንገድ አቡጀዲው ላይ ይመጣል። አንተ መሪውን ትይዛለህ፣ መንገዱ ወደ አንተ ይሮጣል። ከብት ሲገባብህ ወይ ድልድይ ሲጠብብህ ፍሬን ትረግጣለህ፤ ስትረግጥ በሽቦ የተያያዘች ቀይ አምፖል ትበራለች። አሰልጣኙ ፈጠንክ ዘገየህ የሚለው እሷን አይቶ ነው።

ፊልሙ ሊያልቅ ሲል አንድ መታጠፊያ አለ። እሱን እንዳለፍን ከቆመ የጭነት መኪና ኋላ ጀሪካን የያዘ ወጣት ብቅ ይልና መንገዱን ያቋርጣል። መሐል ላይ ዞር ብሎ ያየናል፤ ከዚያ ዘሎ ይወጣል። ያኔ አምፖሏ ካልበራች አለቀልህ።

«ገደልከው!» ይላል አሰልጣኙ ጠረጴዛውን እየነረተ። «ጨረስከው! ውረድ! የሚቀጥለው!»

መጀመሪያ እንስቅ ነበር። ምሳ ላይ እንኳ «አንተ ነፍሰ ገዳይ፣ ጨው አቀብለኝ» እንባባላለን። ልጅነት ክፉ ነው።

መጋዘኑን የምትጠርግና ውኃ የምትቀዳልን አንዲት እናት ነበረች። ያላት አንድ ልጅ ነው። እሱም ገበያ መሐል በአፈሳ ተይዞ ወደ ጦር ሜዳ ከተላከ ሁለት ክረምት አልፎ ነበር። ደብዳቤ የለ፣ መርዶ የለ። እኔና እሱ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነው የተማርነው። እሱ የታፈሰ ዕለት እኔ የጠፋ ጊደር ፍለጋ ሜዳ ወርጄ ነበር። ልዩነታችን ይኸው ነው፣ ሌላ የለም። እሷም ይህን ታውቃለች፤ አንድም ቀን ግን በክፉ ዓይን አላየችኝም። «የልጄ ጓደኛ» ነበር የምትለኝ።

አንድ ቀን ፊልሙ እየሄደ ሳለ እንስራዋን አዝላ ገባች። ወጣቱ ጀሪካኑን ይዞ ብቅ አለ። ሴትዮዋ ባለችበት ቀጥ አለች።

«ልጄ!» አለች።

ወንበሩ ላይ የነበረው ጓደኛችን ደንግጦ ወደሷ ዞረ፤ ፍሬኑን ረሳው።

«ገደልከው!» ብሎ ጮኸ አሰልጣኙ፣ ማን እንደገባ ሳያይ።

ወይ ጉድ! መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ከዚያን ቀን በኋላ ማንም አልሳቀም።

በየቀኑ ሥራዋን ጨርሳ ከወንበሩ ኋላ መቆም ጀመረች። መታጠፊያው ሲደርስ «ቀስ በሉ ልጆቼ፣ ቀስ!» ትላለች። እኛም ገና ወጣቱ ሳይታይ ፍሬን እንረግጣለን። አሰልጣኙ ይንጨረጨራል፤ «ገና ነው እኮ! መንገዱን ንዱ እንጂ ሰውየውን አትጠብቁ!» ማን ይሰማዋል! በኋላ ስንት ዓመት መኪና ስነዳ፣ መታጠፊያ ባየሁ ቁጥር እግሬ ከኔ ቀድሞ ፍሬን ይፈልግ ነበር።

«ጌታዬ፣ ይህ መንገድ የት ነው?» አለችው አንድ ቀን አሰልጣኙን።

«አላውቅም እማማ። መሥሪያ ቤት ነው ፊልሙን የሰጠኝ።»

«የትም ይሁን። ልጄ ከዚህ አገር ወጥቶ አያውቅም። እዚያ መንገድ ላይ ካለ ከወሰዱት ወዲህ ነው። ተርፎ ውኃ እየቀዳ ነው ማለት ነው። እባክዎ፣ ዞር ሲል ያቁሙልኝና ፊቱን ደኅና አድርጌ ልየው። ቁርጤን ልወቅ።»

«ካቆምኩት የማሳያው አምፖል ያቃጥለዋል፣ እማማ። ፊልም መሮጥ አለበት።»

እሷ ወደ መጥረጊያዋ ተመለሰች፤ እኛ ግን አልተውነውም። በተለይ እኔ ነዘነዝኩት። በሥልጠናው ማብቂያ ላይ «ለአፍታ ነው፣ እሺ? ለአፍታ!» ብሎ እጁን ማሳያው ላይ አደረገ። ቁጡ ይሁን እንጂ እናት የወለደችው ሰው ነው። እሷን ከፊት አስቀመጥናት፣ እኔም ከጎኗ ቆምኩ።

መታጠፊያው አለፈ። ወጣቱ ብቅ አለ፣ ገባ፣ ዞር አለ። አሰልጣኙ አቆመው።

ልጁ መንገዱ መሐል ቆሞ ወደ እኛ አየ። ከግራ ቅንድቡ በላይ ጠባሳ አለችው። ትምህርት ቤት ኳስ ስናባርር ከግንብ ጋር የተጋጨ ዕለት ደሙን በሸሚዜ የጠረግኩለት እኔ ነኝ። ጉንጩ ገብቷል፣ አንገቱ ቀጥኗል፤ ግን እሱ ነው። እግዜር ያውቃል፣ እሱ ነው! ልቤ በደስታ ዘለለ።

ከደረቱ ላይ ቡናማ ነጥብ ተነሣ። ነጥቡ ሰፋ፣ ፈላ፣ አገጩን በላ፣ ዓይኑን በላ። አቡጀዲው ነጭ ሆነ። የተቃጠለ ነገር ሸተተን። አሰልጣኙ ዘሎ የማሳያውን አምፖል አጠፋ፤ «ይቅርታ፣ እማማ፣ ይቅርታ…» ይላል ደጋግሞ።

ጩኸቷን ጠበቅኩ። አልጮኸችም።

«የኔ አይደለም» አለች። «መስሎኝ ነው። የኔ ልጅ እንዲህ አይከሳም። የሰው ልጅ ነው። ለእናቱ ይብላኝ!»

ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«አንተ አብረኸው አድገሃል። እሱ ነው እንዴ?»

ሁሉም እኔን ያያል። እሱ ነው ብል ልጇ ዓይኗ ሥር ነደደ ማለት ነው። መርዶ እንኳ በወጉ፣ በሽማግሌ፣ በማለዳ ነው የሚነገር። እኔ ጎረምሳው በምን አንደበቴ?

«አይደለም፣ እናቴ» አልኩ። «ጭራሽ አይመስለውም።»

«እሰይ!» አለች ሁሉም እንዲሰማ። «እሰይ፣ ልጄ ደኅና ነው።»

ክንዴን ይዛ ተነሣች። እስከ በሩ ደግፌ ወሰድኳት። በሩ ላይ ስንደርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ልጄን አከሱብኝ፣ አይደል?» አለችኝ።